የጋሼ ሽኩር ሜዳ የት ገባ?

በዚህ ከተማ ውስጥ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ያልሆነ ወንድ ካገኛችሁ እባካችሁ አሳዩኝ፤ እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ። ለልጁ ሰርግ የትኛውን ከረባት እንደሚያስር ሚስቱን ሳይጠይቅ የማይወስን ሰው፣ ባሕር ማዶ ለሚጫወት፣ የተጫዋቾቹን ስም እንኳ አስተካክሎ ለማይጠራው ቡድን አሥራ አንድ ሰው መርጦ፣ አሰልፎ፣ በስልሳኛው ደቂቃ ሁለቱን ቀይሮ ይውላል። ሰኞ ጠዋት መርካቶ ክር ልትገዙ ብትገቡ፣ ነጋዴው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ክሩ አይደለም። ያ ተከላካይ ለምን መግባት እንዳልነበረበት ነው። አትቸኩሉ፣ ክሩ የትም አይሄድም።

ያ ክር ነጋዴ እኔ ነኝ፤ አልክድም።

የእኔ ግን ከሌላው ትንሽ ይለያል። ሁሉም እንደዚያ ይላል ብላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስሙኝ። የዛሬ ደጋፊ የሚጮኸው ቴሌቪዥን ላይ ነው። አሰልጣኙ አይሰማውም፣ አያየውም፣ በሕይወት መኖሩንም አያውቅም። እኔ ስከራከር ያደግኩት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጠው ከሚሰሙኝ አሰልጣኝ ጋር ነው፤ ያውም መዶሻ ከእጃቸው ከማይለይ ሰው ጋር። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ደጋፊን ጨዋ ያደርጋል። ከመሳደባችሁ በፊት ቃላችሁን መርጣችሁ፣ ወንበራችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ስባችሁ ነው።

ጋሼ ሽኩር ምን አለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ይሸጡ ነበር። ቦታውን ለማታውቁት፣ ከተማው በቃኝ ብሎ የጣለው ብረት ሁሉ ሌላ ሥራ የሚቀጠረው እዚያ ነው። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮው ማሰሻ ይሆናል፣ የበር ማጠፊያው የሌላ በር ማጠፊያ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ጠዋት ይጀምርና ሱቅ እስኪዘጋ አያባራም። ተራው የእግር ኳስ ቡድን ነበረው፤ የቡድኑም አሰልጣኝ ጋሼ ሽኩር ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም ሊሽራቸውም አልደፈረም። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኖ በጠፋው ከመሳለሚያ ወዲያ በነበረ አቧራማ ሜዳ፣ ከሌሎች ተራዎች ቡድኖች ጋር እንጋጠም ነበር። "እንጋጠም" ስል እነሱ ይጋጠማሉ፣ እኔ እናገራለሁ።

አሰላለፉ የሚወጣው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከጨዋታው ይልቅ የሚጥመኝ እሱ ነበር። ጋሼ ሽኩር አንድ በርሜል ቀደው፣ ዘርግተው፣ በመዶሻ ደልድለው ሜዳ ሠርተውበታል። መስመሮቹ በምስማር የተጫሩ ናቸው። የመሐሉ ክብ የሻይ ብርጭቆ ተደፍቶ የተሰመረ ነው። ከዳር፣ ከመስመሩ ውጭ፣ አንድ ተመቶ የተጠፈጠፈ ቡሎን ነበረበት፤ በርሜሉ በርሜል ሳለ የነበረ ይመስለኝ ስለነበር ልብ ብዬ አላየሁትም። ይህንን ላሜራ ሁለት ሣጥን ላይ ያጋድሙና ከአንድ ጣሳ ውስጥ ብረቶች እያወጡ ይደረድራሉ። እያንዳንዱ ብረት አንድ ተጫዋች ነው። ቀኝ ተከላካያችን ወልዴ ከከባድ መኪና ጎማ የወጣ ትልቅ ዳዶ ነበር፤ ማንም ገፍቶት አያልፍም። የግራ ክንፋችን ዘይኑ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ሞላ ነበር፤ ቀጭን፣ ጥምዝምዝ፣ ከእጅ የሚያፈተልክ። በረኛችን ኩሽኔታ ነበር። ኩሽኔታ ስትከፍቱት ሆዱ ውስጥ ኳስ ብቻ ነው ያለው፤ ጋሼ ሽኩር ይህንን ሳያስቡበት ያደረጉት አይመስለኝም።

አዲስ ልጅ ከመጣ ደግሞ ወጉ እንዲህ ነው። ሁለት እሑድ ሲጫወት ያዩታል። ምንም አይሉትም። በሦስተኛው ቅዳሜ ተነስተው ከብረት ክምራቸው ውስጥ እጃቸውን ከትተው ይፈትሻሉ፣ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ደግሞ ያነሳሉ። የሚመስለውን ሲያገኙ በጨርቅ ወልውለው ጣሳው ውስጥ ይጨምሩታል። "ብረት ወጣለት" ይባላል። ብረት የወጣለት ልጅ ያን ቀን በተራው ውስጥ ሲራመድ ብታዩት፣ ሰርጉ ነው የምትሉት።

እኔም ተሞክሬያለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አጎቴ ሱቅ ክርና ቁልፍ እየሸጥኩ፣ ሁለት እሑድ ተጫወትኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ጋሼ ሽኩር ክምሩን ፈተሹ፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ እንደገና ፈተሹ። በመጨረሻ እጃቸውን አራግፈው፣

"ደምሴ፣ ለአንተ የሚሆን ብረት ገና አልመጣም" አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ። የአዲስ አበባ ብረት በሙሉ ተሰብስቦ በሚመጣበት ቦታ፣ ለእኔ የምትሆን አንዲት ሚስማር ጠፋች! ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሸሚዙንም ሁለተኛ አልለበስኩትም።

መጫወት የተከለከለ ሰው ምን ይሆናል? ተቺ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና "ጋሼ፣ ይሄ መሐል ላይ ሁለት ቀርፋፋ ሰው አንድ ላይ ለምን?" አልኳቸው። መዶሻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ "አንተ ምን ታውቃለህ?" አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚህ ተጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ እኔ አሰላለፉን ስነቅፍ እሳቸው "አንተ ምን ታውቃለህ?" ሲሉኝ ኖርን። ምክሬን አንድ ቀን እንኳ አልተቀበሉም። እኔም አንድ ቀን አልቀረሁም። ሱቅ አላስወጣ ብሎኝ ዘግይቼ ስደርስ እንኳ ብረቶቹ ገና ጣሳው ውስጥ ሆነው አገኛቸዋለሁ፤ እድለኛ ነኝ እል ነበር።

ትልቁ ጠባችን የዘይኑ ነገር ነው። ከሸራ ተራ ጋር ለዋንጫ ልንጋጠም፣ ዋዜማውን ጋሼ ሽኩር ያቺን ሞላ ከጣሳው አውጥተው፣ ጣታቸው ላይ አንዴ አሽከርክረው፣ ከመስመሩ ውጭ አስቀመጧት። ዘይኑን! ያን ዓመት ማንም ያልያዘውን ልጅ! ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ጣሳውን ገለበጥኩ። "አንተ ምን ታውቃለህ?" አሉ። በማግስቱ ዘይኑ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ዋለ፤ አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ለምን እንዳስቀመጡት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ሰው ያላገባትን ሴት እንደሚያስታውስ እኔ ያንን ያልገባ ክንፍ አስታውሳለሁ። ሚስቴ ይህንን አታንብብ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የሁላችሁም ሰፈር ታሪክ ነው። ሜዳው ታጠረ፣ ፎቅ ወጣበት። ልጆቹ አገቡ፣ ወፈሩ። ዘይኑ አብነት ሰፈር የመኪና ዕቃ መሸጫ ከፈተ፤ ዛሬ በበር ሲገባ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚገባው። ወልዴ እዚያው ምን አለሽ ተራ ምድጃ ሠሪ ሆኖ ቀረ። የጋሼ ሽኩር ሱቅ የነበረበት ረድፍም ሲነሳ፣ እሳቸው እርጅናቸው ተጭኗቸው ስለነበር ሌላ ሱቅ አልያዙም፤ ብረታቸውን ለሠፈሩ አከፋፍለው ቤታቸው ገቡ። እኔም "አንድ ቀን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ" እያልኩ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አለፈ። እንዲህ ነን። ለሩቅ አገር አሰልጣኝ በየሳምንቱ ዘጠና ደቂቃ አለን፤ ለራሳችን አሰልጣኝ አንድ ከሰዓት የለንም።

ባለፈው ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ ደወሉልኝ። "ደምሴ፣ ጋሼህ መርሳት ጀምሯል" አሉኝ። "ሰውም አይለይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያቺን ጣሳ ታቅፎ 'ሜዳዬ የት አለ?' ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት? የትኛውን ሜዳ?"

የዚያኑ ቀን አብነት ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ሽኩር ሶፋ ላይ ጣሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኳቸው። በትሕትና ተነስተው ሊቆሙልኝ ሞከሩና፣

"ይቀመጡ፣ ይቀመጡ" አሉኝ። "የማን ልጅ ነዎት?"

አንቱ አሉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ "አንተ ምን ታውቃለህ?" ያሉኝ ሰው! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "ደምሴ ነኝ ጋሼ፣ ክር ቤቱ" አልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነዎት?" አሉኝ። ከጣሳው አንድ ብረት አወጡ፣ የሚያስቀምጡበት ፈለጉ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ መልሰው ከተቱት። "ሜዳው ከሌለ የማን ቦታ የት እንደሆነ በምን ይታወቃል?" አሉ ለራሳቸው። እኔም ወደ ውጭ ስወጣ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ያንን ላሜራ አገኘዋለሁ። ሜዳቸው ፊታቸው ቢቀርብ የማን ቦታ የት እንደነበረ ያስታውሳሉ፤ ምናልባት እኔንም።

ምን አለሽ ተራ ገብታችሁ የጠፋ ዕቃ ስትፈልጉ "አይታችኋል?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ምን ሆነ?" ነው የሚባለው። እዚያ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ግን እንደነበረ የሚቆይ ነገርም የለም። ሁለት ቀን ዞርኩ። "ሜዳ የተሳለበት ላሜራ" ስል አንዱ "የመሬት ካርታ ነው?" አለኝ። ሌላው የዕቁብ ጓደኛዬ ነው፤ ግንባሬን በመዳፉ ነካ አድርጎ ትኩሳት እንዳለኝ አየ። በመጨረሻ ወልዴ ጋ ደረስኩ። ያ ቀኝ ተከላካይ ዛሬም እንደ ዳዶው ነው፤ አልተነቃነቀም። ምድጃ እየቀጠቀጠ ሰማኝ።

"የጋሼ ብረት ሲከፋፈል ላሜራዎቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ። "ግን አፈርና ዝገት የበላው ክምር ነበር። ሜዳ የሚባል አላየሁም። ምልክት የለውም?"

"ምልክት... ከዳሩ፣ ከመስመሩ ውጭ፣ አንድ የተጠፈጠፈ ቡሎን ነበረው።"

ወልዴ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ያ ቡሎን!" አለ። "አልነቀል አለኝ! ሦስት ጊዜ መታሁት፣ አልነቀል ሲለኝ ተውኩትና የምድጃውን እጀታ አሰርኩበት።"

"የቱን ምድጃ?"

ወልዴ አቀረቀረ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር፤ ከእሳቱ አልመሰለኝም።

"ወፍራም ላሜራ ነበር ደምሴ" አለ ቀስ ብሎ። "እንደዚያ ያለ ብረት ድጋሚ አላገኘሁም። ለማንም አልሸጥም ብዬ አንድ ምድጃ ሠራሁበት፤ የሠራሁት ምርጥ ምድጃ እሱ ነው። ለአረፋ ስጦታ ይዤው ሄድኩ።"

"ለማን?"

"ለጋሼ ሽኩር ነዋ!"

ተያየን። በየቅዳሜው "ሜዳዬ የት አለ?" የሚሉት ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሜዳቸው ላይ የበሰለ ሽሮ ሲበሉ ኖረዋል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ወልዴ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ አብረን ሄድን። ነገሩን ስንነግራቸው እትዬ ከድጃ መጀመሪያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ቀጥሎ ወልዴን ገሠጹት፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "በሉ አፍርሱት!" አሉ። "ወጥ የትም ይሠራል።" ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ "አንተ ደግሞ አደራህን፣ ክርክር እንዳታነሳ፤ ሲጨንቀው ቀኑን ሙሉ ይረበሻል" አሉኝ። ቃል ገባሁ።

ወልዴ ምድጃውን ጓሮ አውጥቶ አመዱን ደፋ፣ ስፌቱን ፈታ፣ ላሜራውን ዘረጋና መደልደል ጀመረ። ሦስት ጊዜ እንኳ ሳይመታ የሳሎኑ በር ተከፈተ። ጋሼ ሽኩር ያለ ከዘራቸው ወጥተዋል። ጣሳዋን ታቅፈዋል። ማንም አልጠራቸውም፤ መዶሻው ነው የጠራቸው። "ጠርዙን በቀስታ" አሉት ወልዴን፤ "ጠርዙን ስትመታ እጅህን አላላ።" ወልዴ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ "እሺ ጋሼ" አለና አንገቱን ደፍቶ እጁን አላላ። ከዚያ በአሸዋና በአመድ ፈተገው። ጥላሸቱ ሲለቅ መስመሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የመሐሉ የብርጭቆ ክብም ወጣ። በአንደኛው ጎል በኩል ግን ወልዴ ለአመድ መጥረጊያ የቆረጠው ቀዳዳ አለ። ላሜራውን ሁለት የለስላሳ ሣጥን ላይ አጋደምነው።

ጋሼ ሽኩር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መስመሩን በጣታቸው ዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ከጣሳው ኩሽኔታውን አውጥተው ጎሉ ላይ ሲያስቀምጡት፣ በቀዳዳው ሹልክ ብሎ መሬት ወደቀ። "ድሮም እንዲሁ ነበር" አሉ። ወልዴ ሳቁን ሊውጥ ፊቱን አዞረ። ዳዶውን አወጡ፣ "ወልዴ" አሉ፣ በቀኝ በኩል አስቀመጡት። ከዚያ ስም ተከተለ፣ ብረት ተከተለ። ባለፈው የሚስታቸውን ወንድም ያልለዩ ሰው የአሥር ልጅ ስም ከነአባቱ፣ ከነተራው ጠሩ። የሞቱትንም ጠሩ፤ አሰለፏቸውም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጠበቅሁ። ጣሳው ውስጥ እኔ የለሁም። ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ የማልጠራው እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ተደክሞ ለሌላው ሁሉ ተገኝቶ ለእኔ የማይገኝ ሜዳ ነው ያመጣሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ ያ ሁለተኛ ያልለበስኩት ሸሚዝ ትዝ አለኝ።

አሥር ሆኑ። አንድ ቦታ ቀረ፤ የግራ ክንፍ። ጋሼ ሽኩር ሞላዋን አወጡ። ጣታቸው ላይ አንዴ አሽከረከሯት።

ከመስመሩ ውጭ አስቀመጧት። በእሷ ቦታ አንድ ዝገት የበላው፣ ቀለበት መሳይ ሮንዴላ አስገቡ።

ቃሌን አስታውሼ ነበር፤ በአላህም በእግዜርም ፊት እመሰክራለሁ። እትዬ ከድጃም እያዩኝ ነበር። ግን አፌ እኔን ጠብቆ አያውቅም።

"እንዴ ጋሼ! አሁንም ዘይኑን?! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስበው አስበው፣ በዚያ ሮንዴላ?!"

ጋሼ ሽኩር ዘወር አሉ። ከእግሬ ጀምረው እስከ ፊቴ አዩኝ።

"መጣህ እንዴ ደምሴ?" አሉ። "ምነው ዛሬ አረፈድክ? እስክትመጣ ብዬ ስንት ጠበቅኩህ!"

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ላሜራው ተመልሰው፣ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ያንን የተጠፈጠፈ ቡሎን በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆረቆሩት። "በል፣ እዚህ ቦታህ ላይ ሆነህ ተናገር።"

"ጋሼ... ይሄ እኔ ነኝ?"

"ታዲያ ማን ነው? ሌሎቹን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ያገባል፣ አንዱ አገር ይለቃል። አንተ ግን ብትባረርም አትሄድም። በየሳምንቱ ከማነሳህ አንዴ መትቼህ ተገላገልኩ።"

ወልዴ ሦስት ጊዜ መትቶ አልነቀል ያለው፣ እጀታ ሆኜ ሁለት ዓመት ምድጃ የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። እትዬ ከድጃ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም ጠረግሁ፤ ጭስ ነው እንዳልል እሳት አልነበረም። ራሴን ትንሽ ካረጋጋሁ በኋላ፣ ይህ ዕድል እንዳያመልጠኝ ብዬ፣

"እሺ ጋሼ፣ ዘይኑን ግን ያኔ ለምን አስቀመጡት?" አልኳቸው።

"አንተ ምን ታውቃለህ?" አሉኝ።

በሕይወቴ ብዙ ምርቃት ተቀብያለሁ። እንደዚያች ያለ ግን አልተቀበልኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ያው "የማን ልጅ ነዎት?" አሉኝ። አዘንኩ፤ ግን አሁን መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ላሜራውን አጋድሜ በትዕግሥት እቀመጣለሁ። አሥሩ ይሰለፋሉ፣ ሞላዋ ትወጣለች፣ ጣት ላይ አንዴ ትሽከረከራለች፣ ከመስመር ውጭ ትቀመጣለች። ያኔ እጮሃለሁ። ያኔ ደምሴ እሆናለሁ። እትዬ ከድጃም አሁን አይቆጡኝም፤ ከማድ ቤት ሆነው "ጩኽ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" ይሉኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ክር ልትገዙ ብትመጡ ሱቄ ዝግ ነው፤ ሰኞ ተመለሱ።

ዘይኑ ግን መግባት ነበረበት።